ጓሳን በብስክሌት፤ ሽጉጥ ታጥቆ ወይስ ባዶ እጅ?

ለዛሬ ከኳሱ ትንሽ ወጣ እንበል። አትቆጡ፤ የአርሰናልና የማንቼ ጉዳይ የትም አይሄድም፣ ነገ እንመለስበታለን። የዛሬው ወሬያችን ብስክሌት ነው። ስለ ብስክሌት ብቻ ቢሆን ኖሮ ግማሾቻችሁ ገጹን ገልብጣችሁ ወደ ደረጃ ሰንጠረዡ እንደምትሄዱ አውቃለሁ። ጥያቄው ግን ጠንከር ያለ ነው። በገጠር መንገድ ለልምምድም ይሁን ለጉዞ ብስክሌት የሚነዳ ሰው ራሱን ለመከላከል መሣሪያ ቢይዝ ይበጀዋል? ሽጉጥ ወገቡ ላይ ሽጦ ወይም ክላሽ አንግቦ ቢነዳ ያዋጣዋል?

ነገሩ በውጭው ዓለም ብስክሌተኞች ዘንድ ከመቶ ዓመት በላይ ሲነሳ ሲጣል የኖረ ነው። እኛ አገር ሲመጣ ግን መለኪያ የሚሆን ቦታ ይፈልጋል። እኔ ጓሳን መርጫለሁ። አንደኛ ነገር፣ ለብስክሌት ልምምድ እንደ ጓሳ ያለ ከፍታ በአገራችን ብዙ አይገኝም። ሁለተኛው ደግሞ በመንዝ ጠመንጃ እንግዳ ነገር አይደለም። ከምንሽርና ከአልቢን ጀምሮ እስከ ዛሬው ክላሽ ድረስ የመንዝ ሰው መሣሪያን የሚያውቀው በፊልም አይደለም። እንግዲህ መሣሪያ ያዋጣል አያዋጣም የሚለው ክርክር ከዚህ የተሻለ ሜዳ የለውም።

ቦታውን ለማታውቁት ትንሽ ላስረዳ። ከአዲስ አበባ ተነስታችሁ ደብረ ብርሃንን አልፋችሁ ጣርማ በር ትደርሳላችሁ። ዋናው መንገድ ጣሊያን ባስቆፈረው ዋሻ ሾልኮ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ይወረወራል። የመንዙ መንገድ ግን እዚያው ከፍታው ላይ ይቀርና በመዘዞና በሞላሌ በኩል ወደ መሐል ሜዳ ያቀናል። ጓሳ ከመሐል ሜዳ ብዙም አይርቅም። ከአዲስ አበባ ሲለካ 260 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ከ100 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰፋ፣ ለቤት ክዳን በሚሆነው በጓሳ ሣር የተሸፈነ፣ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩበት አምባ ነው። ብርዱን አታንሱት። የመንዝ ሰው ከበጉ ፀጉር ባና የሚሠራው ለጌጥ መሰላችሁ?

ለስፖርቱ ሰው ዋናው ነገር ከፍታው ነው። ጓሳ ከባህር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጧል። ቱር ደ ፍራንስ በታሪኩ ከወጣባቸው መንገዶች ሁሉ ከፍተኛው ቦኔት የሚባለው የአልፕስ ተራራ መንገድ ሲሆን 2,802 ሜትር ነው። እነ ፖጋቻር ምላሳቸውን አውጥተው ሲወጡት የምናየው ቦኔት፣ ጓሳ ከሚጀምርበት በ400 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል ማለት ነው። ይሄ ሌላ አገር ቢሆን ኖሮ የአውሮፓ ቡድኖች ተሰልፈው ካምፕ የሚገቡበት ቦታ በሆነ። አገራችን ደግሞ ለብስክሌት አዲስ አይደለችም። በ1949 ዓ.ም በሜልቦርን የመጀመሪያውን ኦሎምፒክ ስንካፈል እነ ገረመው ደንቦባ በብስክሌት ተሰልፈዋል። ከዚያ ብዙ ዘመን ቆይቶ የመቀሌው ልጅ ፅጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ በ2016 የላምፕሬ ሜሪዳን ማልያ ለብሶ ቱር ደ ፍራንስን የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ።

ወደ ሽጉጡ እንመለስ። ብስክሌትና ሽጉጥን ያጋቡት ፈረንሳዮች ናቸው። በ1890ዎቹ ብስክሌት የከተማ ሰው ፋሽን ሲሆንና ቅዳሜና እሁድ ወደ ገጠር መውጣት ሲለመድ፣ የገበሬ ውሾች ጎማ እያሳደዱ እግር መንከስ ያዙ። ያኔ ጋላን የሚባል የፓሪስ መሣሪያ ሠሪ ኪስ ውስጥ የምትገባ ትንሽ ሽጉጥ አወጣ። ስሟ «ቬሎ ዶግ» ተባለ። «ቬሎ» ብስክሌት ነው፣ «ዶግ»ን ታውቁታላችሁ። ጥይቷ 5.75 ሚሊ ሜትር የሆነች፣ ከኪስ ስትወጣ ልብስ እንዳይዛት መዶሻዋ የተሸፈነ ነበረች። ውሻ መግደል የሚከብዳቸው ሰዎች ደግሞ በእርሳስ ፋንታ በርበሬ ወይም ቡሽ የተሞላ ጥይት ይገዙላት ነበር አሉ። በርበሬ! ይሄማ የእኛ ሙያ ነበር።

የፈረንሳዮቹ ፍርሃት ግን ቀልድ አልነበረም። ፓስተር የእብድ ውሻ በሽታን ክትባት ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ላይ የሞከረው እ.ኤ.አ በ1885 ስለነበር፣ ውሻ የነከሰው ሰው እንዴት እንደሚሞት ሁሉም ያውቃል። በጓሳም ጉዳዩ ዛሬ ድረስ የሞት የሽረት ነው። በመላው አገሪቱ ተቆጥረው የሚያልቁትን ቀይ ቀበሮዎች ክፉኛ ከሚያሰጓቸው ነገሮች አንዱ ከእረኛ ውሾች የሚተላለፈው ይኸው በሽታ ነው። በባሌ በተደጋጋሚ ገብቶ ጨርሷቸዋል። ሰውም ላይ ምልክቱ አንዴ ከታየ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ የበግ አገር በሆነው መንዝ ብስክሌት የሚነዳ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ስለ ሽፍታ ሳይሆን ስለ ውሻ ቢሆን ደግ ነው።

ከሽጉጥና ከብስክሌት ታሪክ ሁሉ የሚገርመው ግን የአንዲት አይሪሽ ሴት ነው። ዴርቭላ መርፊ ትባላለች። እ.ኤ.አ በ1963 ክረምት ከአየርላንድ ተነስታ ሮዚናንቴ ብላ በሰየመችው ብስክሌቷ ሕንድ ድረስ ብቻዋን ነዳች። ኪሷ ውስጥ ትንሽ አውቶማቲክ ሽጉጥ ነበረቻት፤ ደግሞም ተኩሳባታለች። ዩጎዝላቪያ ውስጥ በሌሊት ተኩላዎች ሲከቧት ተኮሰች። ቱርክ ውስጥ ሌሊት የተኛችበት ክፍል ሰው ሲገባባት ወደ ጣሪያ ተኮሰች። ኢራን ውስጥ ብስክሌቷን ሊነጥቋት የመጡ ሰዎችን እንዲሁ በጥይት ድምፅ በተነች። የሽጉጥ ደጋፊዎች ይህችን ሴት እንደ ማስረጃ ቢጠሯት አይፈረድባቸውም።

ታዲያ ይህችው ሴት ከሦስት ዓመት በኋላ ወደ እኛ አገር መጣች። በ1959 ዓ.ም ገና ሊደርስ ሲል ምፅዋ ገብታ፣ ብስክሌቱን ትታ ጆክ በሚባል በቅሎ ዕቃዋን ጭና በእግሯ እስከ አዲስ አበባ ተጓዘች። ጉዞዋን የጻፈችበት መጽሐፍ እ.ኤ.አ በ1968 ታትሟል። የአካባቢ ሹማምንት «ያለ አጃቢ አትሄጂም» እያሉ ሲያስቸግሯት እሷ ብቻዬን ካልሆነ ብላ ስትከራከር፣ መንገድ ላይም ተዘርፋለች። ተርፋም 90 ዓመቷ ድረስ ኖራ እ.ኤ.አ በ2022 ነው ያረፈችው። ልብ በሉ፤ በአውሮፓና በእስያ መንገድ ሽጉጧ የሠራችላት ባላጋራዎቿ መሣሪያ ስላልነበራቸው ነው። ተኩላ አይተኩስም፤ ሌሊት ክፍል የገባውም ሰውዬ ባዶ እጁን ነበር። በሐበሻ ደጋ ግን ድንጋዩን ብታነሱ ከሥሩ ባለጠመንጃ ይወጣል። እዚያ ትንሽ ሽጉጥ መምዘዝ አንድ ለዜሮ እየተመሩ በረኛን አውጥቶ አጥቂ ማስገባት ነው።

እስቲ ነገሩን በስፖርቱ ዓይን እንየው። የዓለም የብስክሌት ማኅበር ለውድድር የሚፈቅደው ዝቅተኛ የብስክሌት ክብደት 6.8 ኪሎ ግራም ነው። ፕሮፌሽናሎች ለ100 ግራም ሲሉ ሺህ ዶላር ያወጣሉ። ክላሽ ከነሙሉ ካዝናው ወደ 4 ኪሎ ይጠጋል። የብስክሌቱን ከግማሽ በላይ ማለት ነው። ይህንን ተሸክሞ አየር በሳሳበት 3,500 ሜትር ላይ ዳገት መግፋት! ሽጉጥ ይቀላል ትሉኝ ይሆናል። ይቀላል፤ ግን የት ይቀመጣል? ወገብ ላይ ከሆነ ብስክሌተኛ ጎንበስ ሲል ሆዱን ይወጋዋል፣ ሲወድቅ ደግሞ የሚያርፈው ዳሌው ላይ ነው፤ በጠጠር መንገድ መውደቅ ደግሞ አይቀርም። ቦርሳ ውስጥ ከሆነ ለመምዘዝ መቆም፣ መውረድ፣ ዚፕ መክፈት አለበት። እስከዚያ ዘራፊው ሻይ ጠጥቶ ይጨርሳል።

ሌላም አለ። በክረምት ኦሎምፒክ ባያትሎን የሚባል ውድድር አይታችሁ ይሆናል። በበረዶ ሸርተቴ ሲሮጡ ቆይተው ጠመንጃ አውርደው 50 ሜትር ላይ ያሉ አምስት ኢላማዎችን ይመታሉ፤ የሳተ እንደ ውድድሩ ዓይነት 150 ሜትር ቅጣት ይዞራል። ሕይወታቸውን ሙሉ ይህንኑ የሚለማመዱ የዓለም ሻምፒዮኖች እንኳን ልባቸው እየደለቀ ትንፋሻቸው ሲቆራረጥ ይስታሉ። እነሱ የሚተኩሱት የማይንቀሳቀስ፣ የማይተኩስባቸውና ቀድሞ የሚታወቅ ኢላማ ላይ ነው። የጓሳን ዳገት ጨርሶ ጉልበቱ የሚንቀጠቀጥ ብስክሌተኛ ምን እንደሚመታ ለእናንተ ልተወው። አንድ እጁ ሽጉጥ ላይ ከሆነ ደግሞ አንዱን ፍሬን ለቋል ማለት ነው። የፊቱን ብቻ ጨብጦ ጠጠር ላይ የቆመ ሰው በመሪው ላይ ተወርውሮ አፈር ይልሳል። ለዘራፊው ሥራውን አቀለለለት።

እንግዲህ በኢትዮጵያ መንገድ ብስክሌተኛን በብዛት የሚያጠቃው ማነው? እ.ኤ.አ ከ2003 ጀምሮ ከካይሮ እስከ ኬፕታውን በሚካሄደው ቱር ደ አፍሪክ የተሳተፉ ብስክሌተኞችን ብትጠይቁ መልሱ ያሳፍራችኋል። ስለ ጎንደር ተራሮችና ስለ ዓባይ በረሃ በፍቅር ካወሩ በኋላ፣ ቀጥለው የሚያነሱት ድንጋይ የሚወረውሩ ሕፃናትን ነው። ሽፍታ አይደለም፤ አንበሳም አይደለም። የዘጠኝ ዓመት እረኛ ነው። ከፊሉ ለጨዋታ፣ ከፊሉ ብር ተከልክሎ፣ ከፊሉ ጓደኞቹ ስላዩት ይወረውራል። ጀርባውን የተመታ ሰው ይናደዳል፤ እውነት ነው ያማል፣ ቁልቁለት ላይ ጭንቅላት ከመታ ደግሞ ይገድላል። ታዲያ በዚህ ሰዓት ወገብህ ላይ ሽጉጥ ቢኖርስ? ልጅ ላይ ትመዛለህ? ወደ ሰማይ ትተኩሳለህ? በመንዝ ተራራ ላይ ወደ ሰማይ የተተኮሰች ጥይት ሦስት መንደር ትጠራለች። የሚመጡት አባትና አጎቶች ባዶ እጃቸውን አይመጡም። ድንጋይ የነበረው ነገር ደም ይሆናል። ደም ደግሞ በአገራችን ደጋ በፖሊስ መዝገብ ብቻ አይዘጋም። በሽማግሌ እርቅ ካልቆመ ለልጅ ልጅ ይተላለፋል።

ሕጉስ? ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝ በ2012 ዓ.ም በወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ወንጀል ነው። ፈቃድ ቢኖርም የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 78 ራስን መከላከል የሚፈቅደው ሌላ መንገድ ሲታጣና ከጥቃቱ ጋር ሲመጣጠን ነው። ድንጋይን በጥይት መመለስ በየትኛው ሚዛን እንደሚመጣጠን ጠበቃችሁን ጠይቁ።

«እሺ፣ ለውሻውና ለሕፃኑ ባይሆንስ ለዘራፊው?» ይሄ ጥሩ ጥያቄ ነው። ብቻውን የሚነዳን ብስክሌተኛ ዘርፎ የሚሄድ ሰው አለ፣ ደጋም ቆላም። ነገር ግን እናስብ። ብስክሌት ገጠር ውስጥ ለማን ይሸጣል? መለዋወጫው የለ፣ ጎማው የለ። ጠመንጃ ግን ዛሬውኑ ገዥ አለው። ብስክሌቱን አይቶ የሚያሳልፍህ ሰው መሣሪያህን ካየ ቆም ያደርግሃል። ቀድሞ ያየህ ደግሞ እሱ ነው፤ ጉብታው ላይ ተቀምጦ ከሩቅ ሲያይህ ቆይቷል፤ አንተ ግን መንገዱን እያየህ ነበር። የፍፁም ቅጣት ምት የሚመታው እሱ ሆኖ አንተ ዓይንህ የታሰረ በረኛ ነህ።

ለኳስ ሰው የሚገባው ምሳሌ ካስፈለገ ካቢንዳን እናስታውስ። ጥር 8 ቀን 2010 እ.ኤ.አ የቶጎ ብሔራዊ ቡድን ለአፍሪካ ዋንጫ በአውቶቡስ ወደ አንጎላ ሲገባ የአንጎላ የፀጥታ ኃይሎች አጅበውት ነበር። እነ አዴባዮር ወንበር ሥር ተኝተው ነው የተረፉት፤ ምክትል አሰልጣኙና የቡድኑ ቃል አቀባይ ሞቱ። ሙሉ ቡድን በታጠቀ ጦር ታጅቦ የሆነው ይሄ ነው። ሽጉጥ ጎኑ የሻጠ አንድ ሰው በብስክሌት ምን ሊያደርግ ነው?

አንድ ነገር ግን ለሽጉጥ ደጋፊዎች እሰጣለሁ። በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጎብኚ ያለ ታጣቂ ጠባቂ በእግሩ አይጓዝም። ደንቡ ነው። ስለዚህ መሣሪያ ከንቱ ነው ማለት አይቻልም አይደል? ጠለቅ ብላችሁ ካያችሁት ግን ያ ጠባቂ ጎብኚውን የሚያድነው በጠመንጃው አይመስለኝም። ሰውየው የአካባቢው ልጅ ነው። እረኛው የወንድሙ ልጅ ነው፤ ባለ ውሻዋ ሴትዮ የክርስትና እናቱ ናት፤ የሚያጠራጥር ሰው መንደር ውስጥ ካለ ከነስሙ ያውቀዋል። ጎብኚው «የእገሌ እንግዳ» ሆነ ማለት ነው። የእገሌን እንግዳ መንካት እገሌን መንካት ነው።

ጓሳም ራሱ ተጠብቆ የኖረው በዚሁ ዘዴ ነው። ሰው ሁሉ የሚያወራለት የቄሮ ሥርዓት (ከወጣቶቹ ቄሮ ጋር እንዳታምታቱት) ለ400 ዓመት ያህል ሣሩን ያስጠበቀው እያንዳንዱ ገበሬ በየፊናው ጠመንጃ ስለያዘ አልነበረም። አምባው ለሦስት፣ ለአራት፣ ለአምስት ዓመት ይዘጋል፤ ማን መቼ እንደሚገባ ሁሉም ያውቃል፤ የጣሰውን ሁሉም ያውቀዋል፣ ቅጣቱም ከባድ ነው። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን አፈረሰው፤ ሕዝቡ ግን ቦታውን የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ አድርጎ ከነጠባቂዎቹ አቆየው። ብስክሌተኛ ወደዚህ አገር ሲገባ ከመሐል ሜዳ አንድ ሰው ይዞ ወይም ቢያንስ ማን እንደሆነና የት እንደሚያድር ተናግሮ መንዳቱ ከየትኛውም ቬሎ ዶግ ይበልጣል።

ውሻውስ ካላችሁ፣ የገጠር ብስክሌተኞች የሚያውቁት መላ አለ። ውሻ የሚያሳድደው የሚሮጥን ነገር ነው። መሮጡን ስታቆም ጨዋታው ይበላሽበታል። ውረድ፣ ብስክሌቱን በአንተና በውሻው መሐል አቁም፣ ቀስ ብለህ እየገፋህ እለፍ። ድንጋይ ለማንሳት ጎንበስ ማለት ብቻውን ብዙ ውሻ ይመልሳል፤ የሐበሻ ውሻ ይህን ቋንቋ አሳምሮ ያውቃል። የውኃ ኮዳህን ፊቱ ላይ መርጨትም ይሠራል። ከነከሰህ ግን ጀግንነት የለም። ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውኃ ለ15 ደቂቃ ታጥበህ ክትባት ወዳለበት መሮጥ ነው፤ ጓሳ ላይ ሆነህ ደግሞ ያ ቅርብ አይደለም። ለሕፃናቱም መላ አለ፤ ሩቅ ሳሉ «እንደምን ዋላችሁ!» ብሎ ፍጥነት መቀነስ። ሰላም የተባለ እጅ ድንጋይ መወርወር ይከብደዋል። ሁልጊዜ ይሠራል አልልም።

እስከዚህ ያወራሁት ግን የሰላም ጊዜ ወሬ ነው። በኅዳር 2014 ዓ.ም የሰሜኑ ጦርነት እስከ ደብረ ሲና አካባቢ ደርሶ ነበር። እሱ ቆመ ሲባል ከ2015 ዓ.ም ማብቂያ ጀምሮ የአማራ ክልል በመንግሥት ኃይሎችና በፋኖ ታጣቂዎች መካከል በተነሳው ውጊያ ውስጥ ገባ፤ ሰሜን ሸዋም ከተፋፋመባቸው አካባቢዎች አንዱ ሆነ። በየመንገዱ ሰው አግቶ ገንዘብ መጠየቅ የአዘቦት ወሬ ሆነ። በእንዲህ ያለ ጊዜ የሽጉጡ ጥያቄ ጨርሶ ይቀየራል። አንድ ኬላ ላይ የደረሰ ብስክሌተኛ ቦርሳው ሲፈተሽ የጎማ ሙጫና ፓምፕ ከተገኘ ብስክሌተኛ ነው። ሽጉጥ ከተገኘ ግን ወገን አለው ማለት ነው፤ የማን ወገን እንደሆነ የሚወስነው ደግሞ ፈታሹ ነው፣ እሱ አይደለም። ከዚያ ቀጥሎ ያለው ኬላ የሌላኛው ወገን ከሆነስ? «ለውሻ የያዝኩት ነው» የሚል መልስ የሚሰማ አይኖርም።

ስለዚህ በዚህ ወቅት ጓሳን በብስክሌት ልውጣ የሚል ካለ መልሴ አጭር ነው። ታጥቀህም ሳትታጠቅም አትውጣ። ከከተማ ከሚወጡት መንገዶች የመኪናው ብዛት ራሱ ከሽፍታ የከፋ መሆኑን አውቃለሁ፤ ብስክሌተኞቻችን በሲኖትራክ መሐል እየተሽሎከለኩ ይለማመዳሉ፣ የሚያሳዝን ነው። የትግራይ ብስክሌተኞችም በጦርነቱ ምን ዓይነት ዓመታት እንዳሳለፉ እናውቃለን። ከ2,802 ሜትር በላይ ወጥቶ የማያውቀውን ቱር ደ ፍራንስ የሚያስንቅ ከፍታ ቤታችን ውስጥ እያለ፣ ልጆቻችን ግን ከቀለበት መንገድ አይወጡም።

መንገዱ ሲከፈት፣ የመሐል ሜዳ አውቶቡስም ሰው ጭኖ ያለ ሥጋት ማለፍ ሲጀምር፣ ማለዳ 1 ሰዓት ላይ ከጣርማ በር መነሳት ነው። በክረምት አይሞከርም፤ ጭጋጉ የፊት ጎማህን እንኳን አያሳይህም። ጥቅምትና ኅዳር ጥሩ ነው። ሁለት ከመነዳሪ፣ ፓምፕ፣ ሙጫ፣ የካቴና መፍቻ፣ የዝናብ ልብስ፣ የሱፍ ጓንት፣ ሳሙና። ሳሙናው ለምን እንደሆነ አሁን ታውቃላችሁ። ሞላሌ ላይ ሻይ ጠጥታችሁ የት እንደምትሄዱ ለባለ ሻይ ቤቷ ንገሯት፤ ከእናንተ ቀድሞ ወሬው መሐል ሜዳ ይደርሳል።